ሁለተኛው ስም

ኢሀብ በሱዳኗ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ውስጥ ኮምፒውተር ይጠግናል። ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲሠራ፣ ኮዱን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረውን ኮምፓይለር ግን በውድ ገዛ።

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ውስጡ የማይታይ ነገር እንዴት ታምናለህ? ነጻው ኮምፓይለር አለልህ» አለችው የሥራ ባልደረባው ሪሃብ።

«ነጻውማ ለለማኝ ነው!» ብሎ አፌዘባት።

ሲስተሙ ተነሣ። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ ከእሱ ስም በታች «ባሕሪያ» ይላል። ኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ውስጥ የቀበራት እህቱ ናት። ኮዱን መስመር በመስመር ፈተሸ፤ ስሟ የለም። ሪሃብ ያንኑ ኮድ በነጻው ኮምፓይለር ሠራችው፤ የእሱ ስም ብቻ ወጣ።

«ተራ ስህተት ነው፤ አሁን ይሄ ያስደነግጣል?» አለ በንቀት። ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ አጥፍቶ በገዛው ኮምፓይለር እንደገና ሠራው።

ስሟ ተመለሰ። ከሥሩ አንድ መስመር ተጨምሯል፦ «ወንድምዬ፣ ለምን ታጠፋኛለህ?»