ሳል የገባበት ፉጨት

በአስቂኙ የካውቦይ ፊልም ሁለቱ ሽጉጠኞች ሲፋጠጡ አሮጊቷ ድምፁን ጨመረች። በሙዚቃው መሐል የሚያፏጨው ሟች ባሏ ነበር። ፉጨቱ ከፍ፣ ከፍ አለና ድንገት በሳል ተቋረጠ፤ ሙዚቃው በተቀዳበት ቀን ብርድ መትቶት የሳለውን ዳይሬክተሩ «ያስቃል» ብሎ እንዳለ ትቶት ነው።

የልጅ ልጇ በሳቅ ፍርስ አለች። «እማማ፣ ሰማሽ? ፈረሱ እኮ ሳለ!»

«አያትሽ ነው» ልትላት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች።

«ውጭው ብርድ ነው፤ ሻርፕሽን አድርጊ እንጂ የኔ እናት!»

«አይበርደኝም! ደግሞ ጀመርሽ!» በሩ ተዘጋ።

ቤቱ ጭር አለ። አሮጊቷ ወንበሩ ላይ የቀረውን ሻርፕ ጭኗ ላይ አጥፋ፣ ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። ፉጨቱ ከፍ፣ ከፍ አለ። ሳሉ ሊመጣ ሲል ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብላ፣ «አንተም ‹አይበርደኝም› ነበር ያልከኝ» አለችው።