የወንድሜ ጉንጭ

በሰፈራችን ሕፃን ማሳደግ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የወንድሜን የእዮስያስን ጉንጭ እዩ።

እናቴ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ስትወጣ ለእኔ ትተወዋለች። ጎረቤቶቻችን "ምስኪኖች፣ በምን ያሳድጉት ይሆን?" ሲሉ ሰምቻለሁ። ማንም እንዳያዝንልን ብዬ ጡጦውን ስኳር የበዛበት ሻይ ሞላሁለት፤ ብስኩትም አቦካሁለት። የጤና ኤክስቴንሽኗ መጥታ "ስኳር አትስጪው። ፊቱን ካዞረ ጠግቧል ማለት ነው፣ ተይው" አለችኝ። እሷ ምን ታውቃለች፣ የተማረችውን ብቻ ነው! እሱ ፊቱን ሲያዞር እኔም ማንኪያዬን ይዤ እዞራለሁ።

ትናንት ሕፃናት ሊመዘኑ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ ግቢ ተሰበሰብን። የእኔ ጌታ ሲንጠለጠል ሚዛኑ አቃሰተ። "ቱፍ ቱፍ፣ ከዓይን ያውጣህ" ብዬ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥኩትና ብስኩት አስያዝኩት። እኩያው የሆነችው የእትዬ ስንዱ ልጅ ከፊቱ ተቀምጣለች፤ የክብሪት እንጨት ነው የምታክለው።

"ይቺን ምን እያበሏት ነው እትዬ? አየር?" አልኩ።

ክብሪቷ እየዳኸች መጣች። ብስኩቱን ከእጁ ነጠቀችና እየዳኸች ሄደች። ዓመት ሊሞላው የቀረበው ወንድሜ እጁን ዘርግቶ አለቀሰ እንጂ ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም።

"ተከተላት እንጂ!" ብዬ ጮህኩበት።

እትዬ ስንዱ ብስኩቱን ከልጃቸው አፍ እያወጡ፣ "በምኑ ይከተላት?" አሉኝ። "የእኔዋ ትድሃለች፣ ያንቺው ይመዘናል።"