አንድ ሰዓት ቀድሞ የደረሰ ሰላምታ

ፕሮግራመሩ ስህተቱን ሲያገኛት ግንባሩን በመዳፉ መታ። ባሕር ማዶ ብቻዋን ለምትኖረው ታላቅ እህቱ በየማለዳው «እትዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ብሎ የሚልክላትን ኮድ ከጻፈ ወዲህ፣ ራሱ ሰላም ብሏት አያውቅም። ጎበዙ ታዲያ የከተማዋን ስም ለኮዱ ሰጥቶ ሰዓቷን ራሱ እንዲያሰላ ከማድረግ ይልቅ፣ የሰዓት ልዩነቱን በጣቱ ቆጥሮ ቁጥር አስገብቶ ነበር። እዚያ ብርዱ ሲገባ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሱ፤ ለኮዱ ግን ማን ይንገረው! ምስኪኗን ዛሬ በጨለማ ቀሰቀሳት።

የቢሮው ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። ቁጥሩን አጥፍቶ የከተማዋን ስም ጻፈ። ሊያስቀምጠው ጣቱን ሲያነሳ ስልኩ ጮኸ።

«አንተ ቀልማዳ፣ ምነው በጨለማ?» አለች እህቱ፤ ድምጿ ገና እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሰዓቱ...»

«ኧረ ተው፣ ደስ ብሎኝ ነው የደወልኩት። ያ ማሽንህ እኮ አንድም ቀን ዝንፍ ብሎ አያውቅም። ዛሬ ሲሳሳት ጊዜ፣ ‹ይኼንስ ራሱ ነው የጻፈው› ብዬ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። አንተ ነህ አይደል?»

ሰላምታውን የሚልከው ማሽን መሆኑን ማወቋን አላወቀም ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ።

«በል ነገም ቀስቅሰኝ፤ ቤቱ እንደሆን ጭር ብሏል።»

ስልኩ ሲዘጋ ያረመውን ኮድ አየው። አላስቀመጠውም፤ ከነጭራሹ አጠፋው። «እኔ ነኝ» ያለው ውሸት ከነገ ጀምሮ እውነት መሆን አለበት።