የቀሉ ዓይኖች ችሎት

«እስቲ ይሄን ዓይን እዩልኝ» አለ አካሉ፣ የእህቱን ልጅ አገጭ በሁለት ጣቱ ይዞ ፊቷን ወደ ሽማግሌዎቹ እያዞረ። «ይሄ የተማሪ ዓይን ነው?»

ማዕዶት አገጯን መንጭቃ አስለቀቀች። በግ ተራ የቆመች መሰላት፤ የቀረው ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ማሳየት ነበር።

ዓይኗስ እውነትም ቀልቷል። ከሳምንታት ወዲህ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁራታል፤ ሲመሽ ደግሞ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስባታል። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ወሰን ሰፈር ባለው በአጎቷ ሳሎን፣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ገበየሁና ባለሱቋ እትዬ ዘሀራ አምቦ ውሃ ተከፍቶላቸው የተሰየሙት ለዚሁ ዓይን ነው። አካሉ ስልኳን ቀምቶ ኪሱ ከትቶታል። የመመረቂያ ጽሑፏ ሰኞ ይገባል፤ የምታነበውም የምትጽፈውም እዚያው ስልክ ውስጥ ነው።

«ሌሊቱን ሙሉ መብራቷ አይጠፋም» አለ አካሉ። «ወይ ወንድ ነው፣ ወይ ቲክቶክ ነው፣ ወይ ጫት ነው። እናቷ ከዱራሜ አደራ ብላ ነው የሰጠችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ወይ ያለ ስልክ ትማር፣ ወይ ወደ እናቷ ትሂድ።»

«ሦስቱንም በአንድ ሌሊት ከቻልኩማ ጎበዝ ነኝ» አለች ማዕዶት።

እትዬ ዘሀራ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ሸፈኑ። «ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ልጄ። አልቅሰሽም ከሆነ ንገሪን። እኛም ልጅ ነበርን።»

«ለማልቀስም እንባ ያስፈልጋል፣ እትዬ። ሐኪሙ ዓይንሽ ደርቋል ነው ያለኝ።»

የጋሽ ገበየሁ ስልክ ጮኸ። ማን እንደደወለ ለማየት ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘረጉ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፣ አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «ቀጥይ» አሏት።

«የማነበው ትምህርት ነው። መምህራችን መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ እያነሳ ቴሌግራም ላይ ይጥልልናል። ግማሹ ገጽ የራሱ ጥላ ነው። አውራ ጣቱ ካረፈበት ሥር ምን እንደተጻፈ እስከ ዛሬ የሚያውቅ ተማሪ የለም። ላፕቶፕ ያለው አስፍቶ ያነባል። እኔ ያለኝ ይቺው መስታወቷ የተሰነጠቀ ስልክ ናት።»

«ወሬ» አለ አካሉ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ጭኗ ላይ ጣለላት። «ትምህርት ከሆነ አንብቢላቸው። አሁን፣ እዚሁ።»

ከፈተችው። ለማንበብ አፏን ከፈተች፤ የመስመሩ ጠርዝ ግን ቀለሙ ውሃ እንደነካው ሟሟ። ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። ስልኩን ራቅ አደረገችው። ከዚያም ይበልጥ ራቅ። የተናደደችው በአጎቷ አይደለም አሁን፣ በገዛ ዓይኖቿ ነው። በሰው ሁሉ ፊት፣ ያውም በአካሉ ፊት፣ አሳፈሯት።

«አላልኳችሁም?» አለ አካሉ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ። «ተማርኩ የምትለውን ማንበብ እንኳ አትችልም።»

ጋሽ ገበየሁ እሱን አልሰሙትም። የሚያዩት የተዘረጋ ክንዷን ነው።

«ዕድሜሽ ስንት ነው፣ ልጄ?»

«ሃያ ሁለት።»

«እኔ እንደዚህ ማድረግ የጀመርኩት ጡረታ ስወጣ ነው።» ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ። «ሐኪሙ ምን አድርጊ አለሽ?»

«ጠብታ ሰጠኝ። ደግሞ በየሃያ ደቂቃው ቀና እያልሽ በመስኮት ሩቅ ሩቁን እዪ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አታዪም?»

ማዕዶት ስልኩን ዝቅ አደረገች። አጎቷን ቀጥ ብላ አየችው።

«ሩቁንማ ጋሼ አካሉ አከራይተውታል።»

አካሉ ብርጭቆውን አነሳ፣ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። አምና ነው፣ ጓሮው ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሲደረድር፣ የመጨረሻውን ግድግዳ ከመስኮቷ ፊት ያቆመው። ከዚያ በፊት ከአልጋዋ ቀና ካለች እንጦጦ ነበር፤ ባሕር ዛፉ፣ ጭጋጉ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብለጨልጭ የማታውቀው ሰው ቆርቆሮ። ያኔ ስትጮህ «አየር እንደሆነ ይገባልሻል» ብሏት ነበር። አሁን የሚገባላት የተከራዩ ሳል ነው።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» አለ።

ጋሽ ገበየሁ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ክፍሉን አሳየን።»

«ኧረ ይቀመጡ፣ ጋሽ ገበየሁ፣ ምን ያደርግልዎታል—»

«ዓይኗን አሳየኸን አይደል? አሁን ደግሞ ዓይኗ የሚያየውን አሳየን።»

ማዕዶት መንገዱን መራች። ውጭ ፀሐዩ ገና ነው፤ ክፍሏ ውስጥ ግን አምፖሉ በርቷል። እትዬ ዘሀራ በሩ ላይ ቆመው ወደ አምፖሉ ቀና አሉና «ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም ያልከን ይሄንን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ገበየሁ መስኮቱን ወደ ውስጥ ስበው ከፈቱት። ቅድም ስልካቸውን ለማየት እንዳደረጉት ክንዳቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ። ክርናቸው ገና ሳይቃና መዳፋቸው የግድግዳው ብሎኬት ላይ አረፈ። እዚያው አቆዩት።