ስታታ ወይስ ዊንበግስ

በ2008 ዓ.ም. በቦንጋው ኮሌጅ ዓርብ የግምገማ ቀን ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የሆድ ቁርጠት።

የጤና መምህርቷን ዙፋንን ግን በዚያ ሳምንት ቁርጠቱ የጀመራት ሰኞ ነው። እሷና ባልደረባዋ ሰላሐዲን የአንጀት ትል መድኃኒቶችን የሚያወዳድር ጥናት አብረው ይዘዋል። መድኃኒቶቹ ሁሉም እርስ በርስ ፊት ለፊት አልተፈተኑም፤ ብዙዎቹ የሚመዘኑት በሦስተኛ መድኃኒት በኩል ነው። ለምሳሌ የዋጫ ሰውና የጅማ ሰው ባይተዋወቁም፣ ሁለቱም ከአንድ የሺሺንዳ ነጋዴ ጋር ተከራክረው ከነበረ፣ ማንኛው ብርቱ እንደሆነ ይገመታል። የሁለቱ መምህራን ጠብ ግምቱን በሚያሰላው ሶፍትዌር ላይ ነበር። ዙፋን ዊንበግስ አለች፤ ሰላሐዲን ስታታ አለ። እንዲህ ሲባባሉ ክረምት ወጣ፣ በጋም ተጋመሰ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኃይለመስቀል ታገሡ፣ ታገሡና በመጨረሻ ሰኞ ዕለት፣ «እስከ ዓርቡ ግምገማ በአንዱ ካልተስማማችሁ ጥናቱን ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አስረክባለሁ» አሉ። የዙፋን የሦስተኛ ዲግሪ ዕድል የተንጠለጠለው በዚሁ ጥናት ላይ ነው።

ማክሰኞ ሰላሐዲን ቢሮዋ ብቅ አለ።

«ዙፊ፣ ያ ዊንበግስሽ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አንተን ምን አገባህ?»

«እንዲያው ለማወቅ ነው።»

«አንተ እንዲያው ለማወቅ ብለህ ጠይቀህ አታውቅም።»

ሳቅ ብሎ ሄደ። ዙፋንን ወንበሩ ቆረቆራት። ሰውየው ነገር እየለቀመ ነው፤ ዓርብ በሰው ፊት ሊዘረግፈው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ባጃጁ ዘገየባት፤ ወርዳ በእግሯ ስትሄድ ደግሞ ያው ባጃጅ ጥሏት አለፈ።

ረቡዕ የዊንበግሱን መመሪያ ከቤተ መጻሕፍት ፈልጋ አጣችው። ሰላሐዲን ወስዶታል። በሩን ዘግቶ ነው የሚውለው፤ ስታንኳኳም ላፕቶፑን ከደን ሳያደርግ አይከፍትላትም።

የኃላፊው ጸሐፊ እትዬ ብርቄ ደግሞ እሳቱ ላይ ጭድ ጨመሩበት።

«ጠዋት ጋሼ ዘንድ ገብቶ ስምሽን ሲያነሳ ሰምቻለሁ። ‹ዓርብ እኔ ልቅደም፤ በዙፋን ነገር የምናገረው አለኝ› ነው ያላቸው።»

«ፊቱ እንዴት ነበር?»

«እንቅልፍ ያጣ ሰው ፊት። ተንኮል እንቅልፍ ይነሳል፣ ልጄ።»

«እሳቸውስ ምን አሉት?»

«‹ይኼንን በሰው ፊት ብትለው ነው የሚሻለው› አሉት። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ዙፋን ምንም አልፈለገችም። ከስንት ዓመት ግምገማ ያተረፈችው አንድ ጥበብ ነበር፤ ተበልቶ የሚወጣው ዘግይቶ የተናገረ ነው። እሷም በሯን ዘጋች። ሐሙስ ምሳ እንኳ አልወጣችም። እትዬ ብርቄ በመስኮት አይተው፣ «አይዞሽ፣ እንዳትምሪው» ብለዋት አለፉ።

ዓርብ ስብሰባው እንደተከፈተ ሰላሐዲን እጁን አወጣ። ዙፋን ግን እጅ ማውጣቱን ትታ ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ግለ ሂስ አለኝ» አለች። «ግትር ነበርኩ። ጥናቱን ያጓተትኩት እኔ ነኝ። ዊንበግስን ከኮምፒውተሬ አጥፍቼ ሥራውን በሙሉ በስታታ ሠርቼዋለሁ። ሳየው ደግሞ ከስታታ ወዲያ ላሳር ነው።»

ቤቱ አጨበጨበ። እትዬ ብርቄ ብቻ ቅር አላቸው።

«ሰው የሚያድገው እንዲህ ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመስቀል፤ ወደ ሰላሐዲንም ዞሩ። «እንግዲህ ተስማማችሁ ማለት ነው። አንተ ምን ልትል ነበር?»

ሰላሐዲን ቀስ ብሎ ተነሣና፣ «የእኔም ግለ ሂስ ነው» አለ፤ «ስታታን ሰኞ አጥፍቼዋለሁ፤ ዊንበግስን ከቀመስኩት ወዲህ ደግሞ ወደዚያ የሚመልሰኝ የለም።»