ሽቦውን ያሰረ እጅ

የካሳነሽ ታላቅ ልጅ ኢዮኤል የሞተው እሁድ ጠዋት፣ በሰው መሬት ላይ ሞተር ሲነዳ ነው።

የኮሮናው እገዳ ላላ ያለበት ሰሞን ነበር። እነ ካሳነሽ በስደት ከሚኖሩበት ከኮዝሞ ሲቲ ወዲያ ክሉተ የሚባል ነጭ ሽማግሌ ሰፊ ባዶ መሬት አለው። የሰፈሩ ወጣት ሞተሩን ይዞ የሚፈነጥዘው እዚያ ነው። ክሉተ ፈቅዶም ከልክሎም አያውቅም፤ «የገባ በራሱ ኃላፊነት» የሚል ሰሌዳ ሰቅሎ ዝም ብሏል። የዚያን እሁድ ግን ሁለት ዛፎች መሀል፣ አንገት ቁመት ላይ፣ ሽቦ ተወጥሮ ነበር። ኢዮኤል በሙሉ ፍጥነት መጣ።

ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ካሳነሽ ማስኳን አውልቃ ስትጮህ ታናሹ ፊሊጶስ ደግፎ ያዛት። መዳፉ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የእናቱ ሱቅ ቆርቆሮ ቆረጠኝ ብሏል። እሁድ እሁድ ሱቁን የሚጠብቀው እሱ ነው። ሞተር የተገዛው ግን ለኢዮኤል ብቻ ነበር።

ከሰልስቱ በኋላ ክሉተ ራሱ ሱቋ ድረስ መጣ። ኮፍያውን አውልቆ በብረቱ ፍርግርግ በኩል፦

«ማማ፣ በጣም አዝናለሁ» አለ። «ሽቦው ግን የኔ አይደለም። እኔ አላሰርኩም።»

«ውጣ ከደጄ!» አለችው። «የልጄ ደም የውሻ ደም መሰለህ?»

ጠበቃዋ ራዚያ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ነገረቻት።

«እትዬ ካሳነሽ፣ ሰው እንደሚነዳበት እያወቀ ዝም ብሏል። ሰሌዳው አያድነውም፤ መሬቱን መጠበቅ ነበረበት። ሽቦውን ማን እንዳሰረው ማረጋገጥ እንኳ አይጠበቅብንም። ካሳ ይከፍላል፣ ያልቃል።»

«ልጄ በሬ ነው እንዴ በካሳ የሚያልቀው? እኔ የምፈልገው ያሰረውን እጅ ነው። ካቴና ገብቶለት በዓይኔ ማየት ነው የምፈልገው።»

«ማሚ፣ ፕሊስ» አለ ፊሊጶስ። «ካሳውን ተቀበይና ይብቃ። እሱ እንደሆነ አይመለስም።»

«የወንድምህ ደም አይከነክንህም? አንተም ወንድም ነህ?»

ፊሊጶስ አንገቱን ደፋ።

ከዚያ ወዲያ ካሳነሽ ሱቁን ለእሱ ትታ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ትጠና ጀመር። መዝገቡን ሊዘጉት ዳር ዳር ባሉ ቁጥር የኢዮኤልን ፎቶ ታቅፋ በሩ ላይ ትቀመጣለች። የነፍስ አባቷ በስልክ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ቢሏት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። የሰፈሩ ልጆች የክሉተን መስኮት በድንጋይ እንዳረገፉት ስትሰማ ሆዷ ቅቤ ጠጣ። ሽማግሌው በኮሮና ተይዞ ሆስፒታል ሲገባ ግን ደነገጠች።

«ሳይታሰር እንዳይሞትብኝ!» አለች። እንዲድንላትም ሻማ አበራች።

ክሉተ ዳነ። እሷም አልተኛችም። አንድ ቀን ያንን መሬት ብቻዋን ስትዞር የጎረቤቱ እርሻ በር ላይ ወደ ክሉተ መሬት መግቢያ የዞረ ካሜራ አየች። ባለቤቱ እገዳው ኬፕታውን አስቀርቶት ስለነበር እስካሁን የጠየቀው የለም። ስልኩን አፈላልጋ አገኘችው፤ ለመነችው፤ ቀረጻው አልጠፋም። እየሮጠች መዝገቡን ለያዘችው መርማሪ ፖሊስ ነገረቻት።

«የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ማን እንደገባ ይታይልኝ። ሌላ ምንም አልለምንሽም።»

ማታ እራት ላይ ለፊሊጶስ በደስታ አወራችለት።

«አሁን የት ይገባል? በካሜራ ተቀርጿል እኮ!»

ፊሊጶስ ምግቡን ሳይቀምስ ተነሳ።

በሳምንቱ የፖሊስ መኪና ሱቁ ደጃፍ ቆመ። ካሳነሽ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች፤ እልልታዋን አቀለጠችው። ጎረቤቶቿ ከየቤታቸው ብቅ ብቅ አሉ።

«ያዛችሁት? ንገሪኝ፣ ያዛችሁት?»

መርማሪዋ ከመኪናው ወርዳ ዓይኗን ከካሳነሽ ዓይን አሸሸች። በካሳነሽ ትከሻ ላይ አሻግራ ሱቁን ተመለከተች።

«ማማ» አለቻት በቀስታ፣ «ፊሊጶስ የት ነው?»