ከጠረጴዛው ሥር

ብሎኑ አልዞር ብሎኛል። ከጠረጴዛው ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ካቻቢቴውን በሁለት እጄ እገፋለሁ፤ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ይራገፋል። ከላዬ አራት ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። ከዚህ ሆኜ የማየው እግራቸውን ብቻ ነው።

እዚህ የገባሁት ጠረጴዛው ተወላግዶ ሻዩ በአጎቴ ሱሪ ላይ ስለፈሰሰ ነው። አባቴ እንግዳው እስኪሄድ እንኳ አልጠበቀም። የአናጢ ቤት ጠረጴዛ እንዲህ ሲሆን አያሳፍርም ወይ አለና በአገጩ ወደ ታች አመለከተኝ። ጠረጴዛውን የሠራው እሱ ራሱ ነው፣ አናጢ ሳለ። አሁን አናጢው እኔ ነኝ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ መምህር። የተጠሩት እህቴን እንዲመክሩ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች፤ የምሄደው ግን ለከርሞ ነው ብላለች። ቦታዋን ለአንድ ዓመት እንደሚያቆዩላት ጠይቃ አረጋግጣለች። እስከዚያ ፎቶ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ምን መማር እንደምትፈልግም ትለያለች። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ቀና ሳልል ነው የተማርኩት፣ አንዴ ቀና ልበልና ልይ ትላለች።

አጎቴ ብረት የሚቀጠቀጠው እንደጋለ ነው ይሏታል።

«እኔ ብረት አይደለሁማ፣ አጎቴ።»

የተወለወለው ጫማቸው ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። ስቀው ይሁን ተቆጥተው አይታወቅም። አባቴ ደግሞ ይህን ያስያዟት ጓደኞቿ ናቸው ባይ ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። እናቴ ሻይ ስትቀዳ ይሰማኛል። አንዱ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ጎኑ ላይ ወድቋል።

ከዚያ የጠበቅሁት ይመጣል።

«አንድ ዓመት» ይላል አባቴ። «ይሄም ያለው አንድ ዓመት ነበር። የት ደረሰ? ጠረጴዛ ሥር።»

አጎቴ ይስቃሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ስለማያውቁ ነው። ለእሳቸውም ለዘመዱም የተነገረው አንድ ነው፤ ልጁ ዓመት ልረፍ ብሎ ቀረ፣ የገንዘብ ጣዕም አወቀ፣ ትምህርት ጠላ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ጆሮ ግን ይህን ተረት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰምቶታል፤ በሠርግም፣ በለቅሶም፣ በገዛ ቤቴም።

ያኔ አባቴ ጣሪያ ሲሠራ ወድቆ ወገቡን ተጎድቶ ተኝቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ልገባ ሻንጣዬ ተዘግቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ መጥታ ሻንጣው ላይ ተቀመጠችበት። አባትህ እስኪቆም፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ አለችኝ። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆሞ መሄድ ሲችልም ጎንበስ ማለት አልቻለም፤ እንጨት ማንሳት አልቻለም። ቦታዬ ለሌላ ተሰጠ። የልጁን ዕድል በላ እንዳይባል ወሬውን የፈጠረው እሱ ነው፤ እኔም የታመመ ሰው ክብር ነው ብዬ ዋጥኩት። እህቴ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያደገችው ያንኑ ተረት እየሰማች ነው።

ያን ጊዜ ለእሱ ስል የዋጥኩት አሁን ለእሷ አለንጋ ሆኗል።

ካቻቢቴው ያመልጠኛል፤ የጣቴ መገጣጠሚያ ይላጣል።

«ስንፍና የሚጀምረው እንዲህ ነው» ይላል አባቴ ከላይ። «ለምኜው ነበር እኮ። ሂድ ልጄ ብዬ ለምኜው ነበር።»

ልመናው አዲስ ነው። የተጨመረው ዛሬ ነው።

ይሄኔ የእናቴ ባዶ እግር ይንቀሳቀሳል። ወለሉን እየዳበሰ ይሄድና ሰንደል ጫማ ባጠለቀው የአባቴ እግር ላይ ይወጣል። ይጫነዋል። ጣቶቿ እስኪቆለመሙ ይጫነዋል።

አባቴ የጀመረውን ትቶ ሻዩን ፉት ይላል።

እጄ ካቻቢቴው ላይ ደርቆ ይቀራል። ስንት ጊዜ እንዲህ ረግጣው ይሆን? ከላይ አብሬያቸው ስቀመጥ የማየው ፊቷን ብቻ ነበር፤ ፊቷ ደግሞ ሁልጊዜ ሻይ የሚቀዳ ሰው ፊት ነው። ረስታው ይሆናል እል ነበር። ለካስ አልረሳችም። እግሯ የሚያውቀውን አፏ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልተነፈሰውም። ከእሱ ይልቅ በእሷ ደሜ ይፈላል።

«ጋሼ» ትላለች እህቴ። ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይመጣል። «አንተ ንገረኝ። ሰንፈህ ነው የቀረኸው?»

ከላይ ሻይ የሚያማስለው ማንኪያ ድምፅ ያቆማል። የአጎቴ ጫማም ያቆማል። የእናቴ እግር ካለበት አይነሳም።

መልሱ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ከተናገርኩ አባቴ በሚስቱ ወንድም ፊት ይዋረዳል። ዝም ካልኩ ዓመቷን የሚነጥቋት በእኔ ስም ነው። አፌ ዝገት ዝገት ይላል።

«ጎንበስ በይ» እላታለሁ።

«ምን?»

«ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

ወንበሯ ሲጢጥ ይላል። ፊቷ በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ተዘቅዝቆ ይመጣል፤ ጸጉሯ ወለሉን ይነካል። መጀመሪያ እኔን ታያለች፣ የደማውን ጣቴን። ከዚያ ዓይኔን ተከትላ ወደዚያኛው ጫፍ ትዞራለች። የእናታችን እግር የአባታችንን እግር አፍኖ እንደያዘ ነው።  ከአራቱ ጎንበስ ብሎ ሊያይ የማይችለው አባቴ ብቻ ነው።

«ምን አገኛችሁ እናንተ?» ይላሉ አጎቴ።

 እህቴ እንደተዘቀዘቀች ሁለቱን እግሮች ታያለች።

«እማዬ» ትላለች ከዚያ፣ ቀና ሳትል፣ ለእግሮቹ። «አንድ ዓመት ያለው ማነው?»

የእናቴ እግር ይነሳል። የጣቶቿ ቦታ በአባቴ እግር ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። እግሯ ወለሉ ላይ ነጠላ ጫማውን በጭፍን ይፈልጋል፤ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ይላል። ጫማው እዚያው አጠገቧ ነው። አያገኘውም።